በውስኪ በርሜል የከረመ ፖም

ጨንቻ ደርሼ ከመጣሁ ወዲህ ጉለሌ ያለችው ጠጅ ቤቴ የሚገባ ሁሉ ብርሌውን ሳይጨብጥ «የሺ፣ እስኪ ያንን የፖም ነገር አውሪን» ይለኛል። ለአንዱ አውርቼ ሳልጨርስ ሌላው ይገባና ከመጀመሪያው ጀምሪ ይለኛል። ምራቄ ደረቀ እኮ! ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት ያገኘኋትን ፊደል ይዤ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ከእናንተ መካከል ጋሞ አገር ድረስ የሚሄድ ያለ አይመስለኝም፤ ከእኔ ቤት ተነስቶ የራሱ ቤት መድረስ የሚያቅተው ሞልቷላ።

ነገሩ የጀመረው በማርታ ነው። ማርታ ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ ከኮሌጅ ተመርቃ ሥራ የምትፈልግ የጨንቻ ልጅ ናት። ጴንጤ ናት፤ ጠጅ ቤት ግቢ ውስጥ ሁለት ዓመት ስትኖር አንድ ቀን ብርሌ አንስታ አታውቅም። ጥቅምት እንደገባ ከአባቷ አንድ ደብዳቤና በፕላስቲክ ጠርሙስ የተሞላ ፈሳሽ ደረሳት። ጠርሙሱን ይዛ መጣችና «እትዬ የሺ፣ ይሄ ብርዝ ነው ወይስ መጠጥ? እባክዎ ይቅመሱልኝ» አለችኝ።

ክዳኑን ስፈታው ፍስስ አለ። አሸተትኩት። ማር እንዳልል፣ ማር አይደለም። ጌሾ እንዳልል፣ ጌሾ ያየ ነገር አይደለም። አዲስ የተላገ ሳንቃ ይሸታል፣ ወዲያው ደግሞ ድስት ላይ ያረረ ስኳር። ሠላሳ ዓመት ጠጅ ስጥል እንዲህ ያለ ነገር አፍንጫዬ ገብቶ አያውቅም። «ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት። «ፖም» አለችኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ፤ ለእኔ ጥቅምት ገብቶ ነው የመጣው።

አባቷ አቶ ኦይሳ አናጺ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ። ጓሯቸው ፖም ተክለዋል። ባለፈው ዓመት ፖሙ ከመጠን በላይ አፍርቶ መሬት ላይ ሲረግፍ ጊዜ አሳዘናቸውና ጨምቀው ለቤተ ክርስቲያኑ ኮንፈረንስ እንዲሆን በእንጨት በርሜል አስቀመጡት። በርሜሉን የሰጣቸው ድሮ መንገድ ሊሠራ የመጣ አንድ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ቡርቦን የሚባል የበቆሎ ውስኪ የነበረበት ነው፤ ፈረንጁ እንደ ወንበር ይቀመጥበት ነበር። ከወራት በኋላ ኮንፈረንሱ ደረሰ፣ በርሜሉ ተከፈተ፣ መዘምራኑ ጠጡ።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«መዝሙሩን ጀመሩት፤ ግን መጨረሻውን ማግኘት አቃታቸው።»

ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ማርታ ግን አልሳቀችም። ምእመኑ ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ መጠጥ ነው ይላል፣ ግማሹ ፀሐይ ነው ያዞራቸው ይላል። «ድሮ ይጠጣ የነበረ ሰው የለም እንዴ? ቀምሶ አይነግራችሁም?» አልኳት። «ሞልቷል» አለች፤ «ግን ጣዕሙን አስታውሳለሁ ብሎ የሚነሳ ማን አለ?» ቅዳሜ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሊቆርጡ ነው። መጠጥ ሆኖ ከተገኘ ሃያ አምስት ዓመት ያገለገሉት አባቷ ከአገልግሎት ይወርዳሉ፣ ከጌታ እራትም ይታገዳሉ፣ በርሜሉም ይደፋል። ስለዚህ መጠጥ የሚያውቅ፣ ለማንም የማያዳላ ሰው ፈልጊ ብለው አባቷ ጽፈውላታል።

እዚሁ ፍርዴን ሰጥቼ መቀመጥ እችል ነበር። ግን ጠጅ እንኳ ከጉለሌ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ጠባዩ ይለወጣል። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር በፀሐይ የተንገላታ ነገር በርሜሉ ውስጥ ፈልቶ ይሁን ጠርሙሱ ውስጥ በምን ይታወቃል? ከምንጩ መቅመስ አለብኝ አልኩ። እውነቱን ልናገር ካላችሁ ደግሞ ያንን በርሜል ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉኛል እህቶቼ፤ ይበሉኝ።

ረቡዕ

ከአውቶቡስ ተራ የወጣነው በማለዳ ነው። እኔ ባዶ እጄን ሰው ቤት ሄጄ አላውቅምና አምስት ሊትር የበሰለ ጠጅ በጀሪካን ይዣለሁ። ማርታ ስታየው ክው አለች። «እትዬ፣ እኛ ቤት ይሄን ማን ሊጠጣው?»

«እንግዳ አይመጣባችሁም?»

«እንግዳውም የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው።»

«እንግዲያው ግድግዳውን እረጭበታለሁ» አልኩና ረዳቱ ጣሪያ ላይ እንዲያስርልኝ ሰጠሁት። እዚህ ላይ ኃጢአቴን ልናዘዝ። ክዳኑን በኃይል አጥብቄ ዘግቼዋለሁ። ጠጅ በሙቀት ሲናጥ መተንፈሻ ካጣ ምን እንደሚያደርግ ለጀማሪዎች ሁሉ የማስተምረው እኔው ነኝ! ዝዋይን እንዳለፍን ከላይ ጧ አለ። ሾፌሩ ጎማ መስሎት ቆመ። ጠጄ በመስኮቱ ጥግ እየተንቆረቆረ ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት ትከሻ ላይ ይወርዳል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አዛውንቱ ትከሻቸውን አዩ፣ በጣታቸው ነክተው ቀመሱ፣ ትንሽ አሰቡና «የማን እጅ ነው?» ብለው ጠየቁ። ረዳቱ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ከተረፈው በቆርቆሮ ኩባያ ስቀዳለት ቁጣውን አብሮ ዋጠው።

እውነተኛው ጎማ የፈነዳው አላባ ላይ ነው። መለዋወጫው ከፈነዳው የባሰ የተላጠ ሆኖ ተገኘና ሌላ እስኪመጣ ድረስ ከግራር ሥር ተሰጣን። የቀረው ጠጅ እዚያው አለቀ። ረቡዕ ስለሆነ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፌን ይዤ ተቀምጬ የራሴን ጠጅ ሰው ሲያመሰግን መስማት ብቻ ሆነ ድርሻዬ። ማርታ ደስ አላት፤ «ጌታ አቀለለን» አለችኝ። አባቷ ቤት ጀሪካን ተሸክሜ ባለመግባቴ ማለቷ ነው።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሶዶ ገባን፤ አውቶቡሱ እዚያው አደረ። ያረፍንባት አልቤርጎ ባለቤት ሽሮ በቆጮ አቀረበችልን። እኛ ጉለሌ ቆጮን ከክትፎ ለይተን አናውቅም፤ እዚህ ግን ለሽሮም ለጎመንም ቆጮ ነው፣ ይስማማዋልም። ሴትየዋ ጠጅ ጣይ መሆኔን ስትሰማ የራሷን ጠጅ በብርጭቆ አምጥታ «አንድ ነገር ጎድሎታል፣ ምኑ ነው?» ብላ ከፊቴ ቆመች። ጌሾው በዝቶ ቆይቶበታል፤ ነገርኳት። ጠዋት ስንነሳ ለምክሩ ብላ ትኩስ የበቆሎ ቂጣ በኮባ ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረችልኝ። አዲስ አበባ ቢሆን «አንቺ ደሞ ማን ነሽ?» ነበር የምባለው።

ሐሙስ

ከሶዶ ወደ ታች ሲወርዱ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው የሚቀበለው። ሹራቤን አወለቅኩ፣ ነጠላዬን አወረድኩ፣ ከዚያ ወዲያ የማወልቀው ሲያልቅ ዝም አልኩ። አባያን ሳየው ሐይቅ አልመሰለኝም፤ ጉሽ ጠላ ነው የሚመስል፣ ቀይ ድፍርስ። «ይሄን ማን ያጥልለው?» ስል ማርታ ሳቀች፤ ቀጥሎ ያለው ጫሞ የጠለለው መሆኑን ነገረችኝ። እውነቷን ነው፤ ማግስቱን ከተራራው ላይ ሆኜ ጎን ለጎን አየኋቸው።

አርባ ምንጭ ሁለት ናት፤ ላይኛው ሼቻ፣ ታችኛው ሲቀላ። ሲቀላ የሚኖሩት የማርታ አክስት ወይዘሮ አማረች ናቸው፤ የአቶ ኦይሳ ታላቅ እህት፣ የጫሞን ዓሣ እየገዙ የሚሸጡ ቆፍጣና ሴት። ቤታቸው ስንደርስ ሰላምታው ሳያልቅ ዓሣው መጥበሻ ላይ ገባ። አዲስ አበባ ዓሣ በበረዶ ተንገላቶ፣ ዓይኑ ፈዝዞ ነው የሚመጣልን። እዚህ ጠዋት የዋኘ ዓሣ ቀን ይበላል። ጎኑ ላይ ያስቀመጡልኝን አረንጓዴ ዳጣ እኔ ቃሪያ ስለመሰለኝ በእንጀራ ሙሉ ዛቅሁት። እናቴ ድረሽ! ዓይኔ፣ አፍንጫዬ፣ ጆሮዬ ሳይቀር አለቀሰ። ወይዘሮ አማረች እየሳቁ ሙዝ ልጠው አፌ ውስጥ ከተቱልኝ፤ እንደ ሕፃን አጎረሱኝ። ዳጣን የሚያበርደው ሙዝ ነው፣ ውሃ ያባብሰዋል፤ ይህ አንድ ቀን ይጠቅማችኋል።

አልጋቸውን ለእኔ ለቀቁና እሳቸው ምንጣፍ ዘረጉ። «ኧረ አይሆንም!» ብዬ ብሟገት «አንቺ ለወንድሜ ብለሽ ነው የመጣሽ» አሉኝ። ከዚያ ጎኔ ቁጭ ብለው በዝግታ አወሩኝ። «ኦይሳ የጀመረውን ሥራ ሳይጨርስ መተው አያውቅም። ከሕፃንነቱ እንደዚያ ነው። አንቺ ነገ ቀምሰሽ ያየሽውን ተናገሪ።»

«የሚጎዳቸው ቢሆንስ?»

«አባቶቻችን ሽማግሌ ፊት የዋሸ ሰው ጎሜ ይመጣበታል፣ ዝናቡ ይቀራል፣ ከብቱ ይጨነግፋል ይሉ ነበር። እኛ አሁን በዚያ አናምንም፤ ክርስቲያን ነን።» ምንጣፋቸውን አስተካከሉና ጨመሩ፤ «ግን ሽማግሌ ፊት አንዋሽም።»

ዓርብ

ወደ ጨንቻ የሚወጣው አውቶቡስ ስላልነበረ አይሱዙ ላይ፣ በስኳር ጆንያ አናት ተሳፈርን። መንገዱ የተራራውን ወገብ እየዞረ ይወጣል። በስተቀኝ አባያ እየራቀ፣ ኦቾሎ ያለችበት ሸንተረር እየቀረበ ሲመጣ «ያ ሁሉ ቤት ገደል አፋፍ ላይ ምን ይሠራል?» አልኩ። «ይሸምናሉ» አለችኝ ማርታ። እኔ እዚያ አፋፍ ላይ ብቀመጥ መወርወሪያውን ስወረውር አብሬ የምሄድ ነው የሚመስለኝ።

ዝናብ ጥሎ ስለነበር ግማሽ መንገድ ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀበረ። ወርደን ገፋን። መኪናው ወጣ፤ ግራ ጫማዬ ግን አልወጣም። አንድ እጄን ጭቃ ውስጥ እስከ ክርኔ ከትቼ ስፈልግ ቀርከሃ ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ደረሱ። «ሳሮ! ሳሮ!» አሉን፤ ሰላምታ ነው። ሸክማቸውን አራግፈው እየተሳሳቁ አብረውኝ ፈለጉ። ጫማው ባይገኝ አንዷ የራሷን ላስቲክ ጫማ አውልቃ ሰጠችኝ። አልቀበልም ስል በቋንቋዋ አንድ ነገር አለችኝ፤ ማርታ ስትተረጉምልኝ «እኔ ወደ ገበያ ነው የምወርደው፣ ሌላ አገኛለሁ፤ እሷ ወደ ብርድ ነው የምትወጣው» ማለቷ ነው። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ቀርከሃዋን ተሸክማ ወረደች። ይቆጨኛል።

ከላይ ጉም ነው፤ ትናንት ሙቀት የገደለኝ ሴትዮ ዛሬ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። እኛ ጉለሌዎች ብርድ እናውቃለን እያልን ስንኮራ ነበር፤ ይቅርታ አድርጉልን፣ አናውቅም። አቶ ኦይሳ ከመኪናው መውረጃ ላይ ቡልኮ ይዘው ጠበቁኝና እጄን ከመጨበጣቸው በፊት ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ አውራ ጣታቸው በመላጊያ ተበልቶ ጠፍጥፏል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሳራ «ደክሞሃል፣ ግባ፣ ተቀመጥ» አሉኝ። አፋቸውን በጋሞኛ የፈቱ ስለሆኑ አማርኛው ላይ አንቺና አንተ ድንበር የለውም፤ እኔንም አንዳንዴ አንቺ አንዳንዴ አንተ እያሉ ሦስት ጊዜ አጎረሱኝ እንጂ ምን ቸገረኝ? ዓርብ ስለነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተውልኝ ነው ማዕዱ የቀረበው። በሃይማኖት ባንስማማም ጾሜን ከእኔ በላይ ጠበቁልኝ።

ከምግብ በኋላ አቶ ኦይሳ ወደ እንጨት መሥሪያ ክፍላቸው ወሰዱኝ። የሳንቃ ሽታ፣ የመላጊያ ፍቅፋቂ፣ ያላለቀ የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበር አለ። በርሜሉ ጥግ ላይ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ ተጋድሟል። ወገቡ የሰፋ፣ በብረት ቀለበት የታሰረ፣ ጥቁር ቡናማ ነገር ነው። እንደ ላም ዳሰስኩት።

«ስቀበለው በመሃሉ ያፈስ ነበር» አሉ። «ሳንቃዎቹ ደርቀው ተላቅቀዋል። ፈታሁትና ስንጥቁን በእንሰት ቃጫና በሰም ደፈንኩት። ፈትቼ ሳየው ውስጡ በሙሉ ተቃጥሏል፤ ከሰል ነው። የቤት ቃጠሎ ያገኘው ስለመሰለኝ በመላጊያ ላነሳው ነበር። ከዚያ፣ ሳንቃው ይሳሳል ብዬ ተውኩት።»

«ደግ አደረጉ! ቃጠሎ አይደለም። እኛ ጋናችንን በወይራ የምናጥነው ነገር ነው። እነሱ ጢሱ አልበቃቸው ብሎ በእሳቱ ራሱ አጠኑት እንጂ።»

ዓይናቸው በራ። «ለጣዕም ነው?»

«ለምን ሊሆን ኖሯል?»

በርሜሉን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «እኔ ሦስት ጊዜ በፈላ ውሃ ካጠብኩት ውስኪው የት ይቀራል ብዬ ነው የጨመርኩት፤ የፈላ ውሃ ቁንጫ እንኳ አያስተርፍም ብዬ። ማር አልገባበት፣ ብቅል አልገባበት፣ ጌሾ አልገባበት። ፖም ብቻውን ይፈላል ብዬ በምን ልወቅ?»

እውነታቸውን ነው። ሠላሳ ዓመት የጣልኩት እኔም ብሆን ላላውቅ እችል ነበር። ውታፉን በእርጋታ ነቅለው በመቃ ሳቡና በብርጭቆ ቀዱልኝ። ቀለሙ የጠራ ወለላ ነው፤ እንኳን ጉሽ፣ ቅንጣት የምታህል ዝቃጭ የለችበትም። አሸተትኩት። ቀመስኩት። መጀመሪያ የፖሙ ኮምጠጥ ያለ ነገር ምላስን ቆንጠጥ ያደርጋል። ከዚያ ሳንቃው፣ ከዚያ ያ ያረረ ስኳር ይመጣል፤ ጭራሽ ሳይታሰብ ደግሞ ከኋላ የጢስ ሽታ። ጉሮሮ ሲያልፍ ደረት ላይ ተቀመጠና ሞቀ። ሦስት ነገር አንዱ ሌላውን ሳይገፋ ወረፋ ጠብቆ ሲገባ ጠጅ ላይ አይቼ አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ። ቀናሁ፤ ምን ልደብቃችሁ፣ ቀናሁባቸው። ዓይኔን ስገልጥ አቶ ኦይሳ ብርጭቆውን አይደለም የሚያዩት፣ ፊቴን ነው።

«እንዴት ነው?» አሉኝ። ብርዝ ነው ወይ መጠጥ አላሉኝም፤ እንዴት ነው ነው ያሉኝ። በዚያ ሰዓት አላስተዋልኩትም።

«ነገ ሽማግሌ ፊት እናገራለሁ» አልኳቸው። ጎበዝ ዳኛ መስዬ ልቤ ግን ተጨንቋል። መጠጥ ነው፣ ያውም ከጠጄ የበረታ።

ሲመሻሽ ወይዘሮ ሳራ ጎመን እየቀነጠሱ አጠገቤ ተቀመጡ። «ቤተ ክርስቲያኑን በእጁ ነው የሠራ» አሉኝ። «በሩን፣ ወንበሩን፣ ሰዎች የሚቀበሩበትን ሳጥን። ከወረደ፣ እሑድ ጠዋት እዚህ ብቻውን ይቀመጣል። እኔ እየሄድኩ እሱ ይቀመጣል። ያንን እንዴት አያለሁ?» እንባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። ዋሺ አላሉኝም። አልጠየቁኝም። ግን ሰው ሲያለቅስ እኔ መቋቋም አልችልም፤ ደንበኞቼ ታውቁኛላችሁ፣ በዚሁ ጠባዬ ስንቱን በነፃ አጠጥቻለሁ።

ቅዳሜ

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ሣር ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ምእመኑ ከኋላ ቆመ፣ መዘምራኑም አንገታቸውን ደፍተው ከዳር። ሰብሳቢያቸው አቶ ዳና የሚባሉ፣ ከሁሉም በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ጸለዩና ሥርዓቱን ነገሩኝ፤ አንድ ሰው ቆሞ ሲናገር ማንም አያቋርጠውም፣ የሚመልስም ቢኖር ተናጋሪው እስኪቀመጥ ይጠብቃል። እኛ ሰፈር ዕድር ላይ አሥር ሰው በአንዴ ነው የሚናገረው፤ ይህንን ሥርዓት ይዤላችሁ ብመጣ ደስ ባለኝ።

በማንቆርቆሪያ አምጥተው ቀዱልኝ። ሳሸተው ሌሊቱን ይበልጥ አምሮበታል። ሁሉም ያየኛል። ወይዘሮ ሳራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ማርታ ከንፈሯን ነክሳለች። ቆምኩና እንዲህ አልኩ፦

«አባቶቼ፣ ይሄ ብርዝ አይደለም። መጠጥም አይደለም። የተበላሸ ነገር ነው፤ ኮምጣጤ ሆኗል። ልጆቹን ያዞራቸው ኮምጣጤ በባዶ ሆድ ስለጠጡ ነው።»

እዚህ ላይ መቀመጥ ነበረብኝ። ውሸት ግን እንደ ጌሾ ነው፣ ትንሽ ልጨምር ሲሉ ይበዛል። «እኔ ቤት ቢሆን ኖሮ ጋን ማጠቢያ እንኳ አላደርገውም» ብዬ ጨመርኩበትና ተቀመጥኩ።

ከኋላ ያለው ሰው በእፎይታ ሲተነፍስ ተሰማኝ። ወይዘሮ ሳራ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። አቶ ኦይሳን አየኋቸው፤ ደስ ይላቸዋል ብዬ። ፊታቸው ቀልቷል። ተነሱ።

«እኚህ እንግዳ ዋሽተዋል» አሉ።

እኔ ነጠላዬ ውስጥ ልገባ ምንም አልቀረኝም።

«ለእኔ ብለው ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ትናንት ሲቀምሱት ግን አይቻቸዋለሁ። ኮምጣጤ የቀመሰ ሰው እንደዚያ አይሆንም። አልተበላሸም! በእጄ የሠራሁትን አውቃለሁ፤ የተጣመመ በር ሠርቼ አውቃለሁ፣ የሚወላገድ ወንበር ሠርቼ አውቃለሁ፤ ይሄ አልተጣመመም። መጠጥ ነው። ስጨምረው አላወቅኩም ነበር። በሁለተኛው ወር በማንኪያ ቀመስኩትና አወቅኩ። ያን ቀን ማፍሰስ ነበረብኝ። እጄ እምቢ አለኝ። በሳምንቱ ስቀምሰው ተለውጧል፣ በሌላው ሳምንት ደግሞ ሌላ ሆኗል። የሚቀጥለውን ልየው፣ የሚቀጥለውን ልየው እያልኩ ከረምኩ። ኮንፈረንሱ ደርሶ ለልጆቹ ሲቀዳ ቆሜ አየሁ፣ አፌን አልከፈትኩም። ባለማወቄ አይደለም እንድትፈርዱብኝ የምጠይቀው፤ ዝም በማለቴ ነው።»

ተቀመጡ። አንድ መዘምር ከኋላ «ድምፃችን ያምር ነበር ግን» አለና ጎኑ ያለው ጎሸመው።

ሽማግሌዎቹ ወደ ዳር ሄደው መከሩ። ሲመለሱ አቶ ዳና ቆመው ፍርዱን ነገሩ። አቶ ኦይሳ እስከ ፋሲካ ከአገልግሎት ይወርዳሉ፣ ከጌታ እራትም ይታገዳሉ። መዘምራኑ ይቅርታ ተደርጎላቸዋል። በበርሜሉ ያለውም ዛሬውኑ ይፈስሳል፤ የሚያፈስሱትም እሳቸው ራሳቸው፣ በገዛ እጃቸው። ወይዘሮ ሳራ ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። አቶ ኦይሳ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ አቶ ዳና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ እህቴ?»

ሠላሳ ዓመት ሰካራም ገሥጬ የኖርኩ ሴትዮ ቆሜ «አጥፍቻለሁ» አልኩ። አቶ ዳና ጎንበስ ብለው ለምለም ሣር ነቅለው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፤ በእነሱ አገር ሣር የያዘ ሰው ታርቋል ማለት ነው። «ሰው ሆኖ ከስሕተት፣ እንጨት ሆኖ ከጢስ» አልኳቸው፤ ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ እኔ ግን እንባዬ መጣ። ሣሩን ይዤ ምን እንደማደርገው ስላላወቅኩ ደረቴ ላይ ያዝኩት።

ሁላችንም ተያይዘን ወደ አቶ ኦይሳ ጓሮ ሄድን። አራት ሰዎች በርሜሉን ተሸክመው አውጥተው ፖሞቹ ሥር አኖሩት። ከዚያ ሁሉም ራቅ ብሎ ቆመ፤ አቶ ኦይሳ ብቻ ተንበረከኩ። ጠፍጣፋ አውራ ጣታቸውን ውታፉ ላይ አድርገው ቆዩ። የማይነቅሉት መሰለኝ። ቀስ ብዬ አጠገባቸው ደረስኩ። ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጠየቁኝ።

«እትዬ የሺ፣ እንዴት ነበር?»

«አቶ ኦይሳ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ቀን ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።»

«እውነት?»

«እውነት።»

«እንግዲያው ይበቃኛል» አሉና ውታፉን ነቀሉት።